ጄኔራሉ የት ነው የተቀበረው? የቀድሞ የአሜሪካ ጠረፍ መኮንኖችን መቃብር የመፈለግ ጣጣ

በ2026 አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበት 250ኛ ዓመት ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለ በዓል ሲመጣ የድሮ ወታደሮችን መቃብር ፈላጊው ይበዛል። የትንንሽ ከተሞች የታሪክ ማኅበራት አሉ። የዘር ሐረጋቸውን ወደ ኋላ የሚቆጥሩ ቤተሰቦች አሉ። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው የት ነው ያረፈው?

ለነጻነቱ ጦርነት ስመ ጥር ሰዎች መልሱ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። ራስ ምታት የሚሆኑት ከእነሱ ቀጥለው የመጡት ናቸው። ከ1780ዎቹ መጨረሻ እስከ 1830ዎቹ ድረስ ኦሃዮ፣ ኢንዲያና፣ ሚዙሪ እያሉ ወደ ምዕራብ የገፉት የመደበኛው ጦር መኮንኖች ማለቴ ነው። ጫካ መንጥረው፣ የእንጨት ምሽግ ሠርተው፣ የነባር ሕዝቦችን መሬት በጦር እየያዙ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የአንዳንዶቹ የአገልግሎት ታሪክ በየወሩ ተጽፎ ይገኛል። መቼ እንደተሾመ ይታወቃል። መቼ እንደታመመና በየትኛው ቀን እንደሞተም ይታወቃል። መቃብሩን ስትፈልጉት ግን የለም።

ይህን ጉዳይ ስከታተል አንድ ነገር ግልጽ ሆኖልኛል። «የት ሞተ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙም አያደርስም። የሚያዋጣው «ከሞተ በኋላ ማን ፈለገው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ እንዴት እንደጠፉ እንይ። የጠረፍ ምሽግ ዘላቂ ሆኖ አይሠራም ነበር። ሰፋሪው ወደ ፊት ሲገፋ ጦሩም ይከተላል፤ የቀድሞው ምሽግ ይዘጋል፤ እንጨቱ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ይወሰዳል። ከምሽጉ አጠገብ የተቀበረው ሰው ራስጌ የቆመው ምልክትም ብዙውን ጊዜ እንጨት ነው። ጥቂት ክረምት ካለፈበት በኋላ ይበሰብሳል። ከዚያ ቦታው እርሻ ይሆናል፣ መንገድ ይወጣበታል፣ ወይም ከተማ ይሠራበታል።

የወረቀቱም ነገር አሳዛኝ ነው። የጦር ሚኒስቴሩ ቢሮ ኖቬምበር 8 ቀን 1800 ሌሊት ተቃጠለና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዝገብ አብሮ ነደደ። ባይቃጠልም ኖሮ ሟቾች የት እንደተቀበሩ የሚከታተል ማዕከላዊ ክፍል አልነበረም። ብሔራዊ መካነ መቃብር የሚባለው ነገር የመጣው በእርስ በርስ ጦርነቱ መሀል ነው፤ ኮንግረስ ሕጉን ያወጣው በጁላይ 1862 ነበር። በ1903 መንግሥት ከ1789 ጀምሮ ያሉትን መኮንኖች ስም የያዘ ትልቅ መዝገብ አሳትሟል። ለተመራማሪ እስካሁን የሚያገለግል ሥራ ነው። ሹመቱን ይነግራችኋል፣ የሞተበትን ቀን ይነግራችኋል። መቃብሩን ፈልጉት ይላል።

አሁን ወደ አንተኒ ዌይን እንሂድ። የዚህ ሰው ታሪክ ጉድ ነው።

ዌይን በኦገስት 1794 በፎለን ቲምበርስ ጦርነት የነባር ሕዝቦችን ኅብረት አሸንፎ ኦሃዮን ለሰፋሪዎች የከፈተ ጄኔራል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዲትሮይት ሲመለስ በሪህ ሕመም ተያዘና በኤሪ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የፕሬስክ አይል ምሽግ ቀረ። ዲሴምበር 15 ቀን 1796 እዚያው ሞተ። በኑዛዜው መሠረት ከምሽጉ ግንብ አጠገብ፣ ከሰንደቁ ሥር ቀበሩት። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም።

በ1809 ልጁ አይዛክ ብቅ አለ። ቤተሰቡ አባትየው በፊላደልፊያ አካባቢ፣ ራድኖር በሚገኘው የቅዱስ ዳዊት ቤተ ክርስቲያን እንዲያርፍ ወስኗል። አይዛክ የመጣው በባለ ሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ነው። ከ12 ዓመት በላይ ስላለፈ የሚያገኘው አጽም ብቻ መስሎት ነበር። ሲቆፈር ግን አስከሬኑ ከአንድ እግሩ በቀር ብዙም አልፈረሰም። ሙሉ አስከሬን በዚያች ጋሪ፣ በዚያ መንገድ፣ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ነው። የማይሆን ነገር ነው። ዶክተር ዋላስ የሚባል የቀድሞ የጦር ሐኪም መላ አመጣ። አስከሬኑን ቆራርጦ በትልቅ የብረት ድስት ቀቀለውና ሥጋውን ከአጥንቱ ለየ። አጥንቱ ታጥቦ በሣጥን ወደ ራድኖር ሄደ። ሥጋው ከተቆራረጠበት ቢላዋ ጋር ወደ ቀድሞው ሣጥን ተመልሶ ኤሪ ላይ በድጋሚ ተቀበረ።

እንግዲህ ዌይን የተቀበረው የት ነው? ሁለቱም ቦታ ነው። ራድኖር ላይ በዚያው በ1809 ሐውልት ቆመለት። ኤሪ ላይ ያለው ግን ተረሳ። የምሽጉ ግንብ በ1853 ሲቃጠል ቦታውን የሚያሳይ ምልክትም ጠፋ። በ1878 አንድ የከተማዋ ሐኪም ፈልጎ ቆፈረና የሣጥኑን ክዳን አገኘ። ክዳኑ ላይ በናስ ምስማር የሰውየው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተመትተው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው መቃብር የተረጋገጠው በሰነድ ሳይሆን በምስማር ነው። ድስቱም አልጠፋም፤ ኤሪ ከተማ ውስጥ ለእይታ ቀርቧል። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ደግሞ አንዳንዱ አጥንት በመንገድ ከጋሪው ወድቋል፣ ጄኔራሉም በልደቱ ቀን በጃንዋሪ 1 ሌሊት በፈረስ እየጋለበ ይፈልገዋል የሚል ወሬ አለ። የሙት መንፈሱን ለባለ ወሬዎቹ ልተውና ከታሪኩ የሚቀረውን ልያዝ። ኤሪ ላይ ሰውየውን የቀበረው ጦሩ ነው። ራድኖር የወሰደው ቤተሰቡ ነው። ኤሪ ላይ እንደገና ያገኘው ከተማው ነው። ሦስቱም በየራሳቸው ምክንያት ፈለጉት፤ ለዚህም ነው ስለ መቃብሩ ይህን ሁሉ የምናውቀው።

በዌይን ሥር የተዋጋው ኮሎኔል ጆን ፍራንሲስ ሃምትራምክ ደግሞ ሞቶም አላረፈም። በ1803 ዲትሮይት ላይ ሞተና ካቶሊክ ስለነበር በቅድስት አን ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በ1866 ወደ ማውንት ኤሊየት መካነ መቃብር ተዛወረ። በ1962 ደግሞ በስሙ የተሰየመችው ሃምትራምክ ከተማ ወስዳ በራሷ የአርበኞች መናፈሻ ቀበረችው። ዛሬ ይህች ከተማ የየመንና የባንግላዴሽ ተወላጆች የበዙባት ናት። ሰውየው ካናዳ ተወልዶ፣ ዲትሮይት ሞቶ፣ የመን ሰፈር አረፈ ማለት ነው።

ሄንሪ ሌቨንወርዝም እንዲሁ ነው። በ1827 በካንሳስ ስሙን የያዘውን ምሽግ የመሠረተው እሱ ነው። በ1834 በዛሬዋ ኦክላሆማ ምድር፣ ዘመቻ ላይ ሳለ ሞተ። አስከሬኑ ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ኒውዮርክ ግዛት፣ ዴልሃይ በምትባል ከተማ አረፈ። በ1902 የካንሳስ ሰዎች «የኛ መሥራች ነው» ብለው አስነሥተው በምሽጉ ብሔራዊ መካነ መቃብር ቀበሩት። አንድ የድሮ ሰነድ ይዞ ዴልሃይ የሚሄድ ሰው ሰነዱ አልዋሸውም፤ ዘገየ እንጂ።

ጆርጅ ሮጀርስ ክላርክ የመደበኛው ጦር ሰው ሳይሆን የቨርጂኒያ ሚሊሺያ ጄኔራል ነበር። እሱን ያለፍኩት እንዳይመስል የማነሳው በአንድ ምክንያት ነው። በ1869 አጽሙን ከቤተሰቡ መቃብር ወደ ሉዊቪል ኬቭ ሂል ሊያዛውሩት ሲቆፍሩ ከዘመዶቹ አጽም መለየት ነበረባቸው። ሰውየው ከመሞቱ ዓመታት በፊት በ1809 አንድ እግሩ ተቆርጦ ነበር። የለየውም ያ የጎደለው እግር ነው። ያ ባይሆን ዛሬ የማን አጽም ላይ ሐውልት እንደቆመ በምን ይታወቅ ነበር?

ይህ ዕድል ለሁሉም አልደረሰም። ሴንት ሉዊስ አጠገብ፣ በሚዙሪ ወንዝ ዳር ከ1805 እስከ 1826 ቤልፎንቴን የሚባል ምሽግ ነበር። በ1904 እዚያ የነበሩትን አጽሞች አንሥተው ወደ ጀፈርሰን ባራክስ መካነ መቃብር ሲወስዱ የመኮንኑም፣ የተራ ወታደሩም፣ የሚስትና የልጁም አጽም አንድ ላይ ሄደ። ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ስም አይደለም፤ ያልታወቁ ሙታን ይላል። ዜቡሎን ፓይክ ደግሞ በ1813 ዛሬ ቶሮንቶ በምትባለው ከተማ የባሩድ መጋዘን ሲፈነዳ ሞተ። አስከሬኑ ሐይቁን ተሻግሮ ኒውዮርክ ግዛት ሳኬትስ ሃርበር ተቀበረ። በስሙ ከሚጠራው የኮሎራዶ ተራራ እጅግ የራቀ ቦታ ነው። ተራራውንም ቢሆን ጫፉ ላይ ወጥቶት አያውቅም።

ፈላጊ ያጣ ሰው ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ጄምስ ዊልኪንሰን አለላችሁ። ከዌይን ሞት በኋላ የአሜሪካ ጦር ከፍተኛው መኮንን የሆነው እሱ ነው። በዚያው ጊዜ በኮድ ስም «ወኪል 13» እየተባለ ከስፔን ደመወዝ ይበላ ነበር። ይህ በሰነድ የተረጋገጠው ከሞተ በኋላ ነው፤ በሕይወቱ ሳለ ሲጠረጠርም ሲመረመርም አልተያዘም። በዲሴምበር 1825 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ መሬት ለማግኘት ደጅ ሲጠና ሞተና በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በስሙ አጽሙን የምትናፍቅ ከተማ የለችም። ሌሎቹን ሲያመላልሱ እሱን እዚያው ተዉት።

አርተር ሴንት ክሌርን ግን ከከሃዲ ጋር አንድ ላይ መደርደር ግፍ ነው። የኮንግረሱ ፕሬዚዳንት የነበረ፣ የሰሜን ምዕራብ ግዛትን ያስተዳደረ ሰው ነው። በኖቬምበር 4 ቀን 1791 ዋባሽ ወንዝ ዳር የመራው ጦር በማያሚ፣ በሾኒና በሌሎች ነባር ሕዝቦች ተዋጊዎች እጅ ተደመሰሰ። ከ600 በላይ ወታደር ሞተ። ከ85 ዓመት በኋላ ከነባር ሕዝቦች ጋር ሲዋጋ ከተደመሰሰው መኮንን ከከስተር ጋር ካለቁት በእጥፍ ይበልጣል፤ ግን ከስተርን ሁሉ ያውቀዋል፣ ይህን ጦርነት የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሴንት ክሌር ለመንግሥት ሥራ ከኪሱ ያወጣው ገንዘብ ሳይመለስለት፣ ንብረቱን በዕዳ ተነጥቆ በ1818 በድህነት ሞተ። ግሪንስበርግ ፔንሲልቫኒያ ያለውን ድንጋይ በ1832 ያቆሙለት የፍሪሜሶን ወንድሞቹ ናቸው። ጽሑፉ ይህ ትሑት ሐውልት የቆመው አገሩ ልታቆምለት ይገባት የነበረውን የተሻለ ሐውልት ለመተካት ነው ይላል። በመቃብር ድንጋይ ላይ መንግሥትን እንዲህ በጨዋ ቋንቋ መውቀስ ያምርባቸዋል።

እዚያ ዋባሽ ዳር የወደቁትስ? ሁለተኛው አዛዥ ጄኔራል ሪቻርድ በትለር ከነወታደሮቹ እዚያው ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዌይን ሰዎች መጥተው ሜዳውን የሸፈነውን አጽም ሰብስበው ቀበሩና ፎርት ሪከቨሪ የሚባለውን ምሽግ ሠሩ። በ1851 አጽም ዳግመኛ ከመሬት ብቅ ስላለ የከተማው ሰው ቀን ቆርጦ በሥነ ሥርዓት ቀበረው። በ1891 ደግሞ ተዛወረ። በ1913 ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝም ሐውልት ቆመበት። እዚህ ቦታ መኮንንን ከተራ ወታደር መለየት አይቻልም፤ መለየት አለበት ብዬም አላስብም።

የሌላኛው ወገን መሪዎች መቃብርም አለ። ሴንት ክሌርን ካሸነፉት መሪዎች አንዱ የማያሚው ሊትል ተርትል ነው፤ ትንሹ ኤሊ ማለት ነው። በጁላይ 1812 ፎርት ዌይን ላይ ሞተ። አዎ፣ በዚያው በአንተኒ ዌይን ስም በተሰየመችው ቦታ። መቃብሩ ጠፍቶ ቆየና በ1912 ሠራተኞች ለቤት ምድር ቤት ሲቆፍሩ አጽሙ ተገኘ። ሰውየውን ያሳወቀው አብሮት የተቀበረው ዕቃ ነው፤ ከጆርጅ ዋሽንግተን የተሰጠው ነው የሚባል ሰይፍም ነበረበት። የሾኒው መሪ ተኩምሴ ደግሞ በኦክቶበር 1813 ካናዳ ውስጥ በቴምስ ጦርነት ሲገደል ወገኖቹ የት እንደቀበሩት ለአሸናፊው አልነገሩም። በእኔ እምነት በጠረፉ ታሪክ የጠፉት መቃብሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የመኮንኑ መቃብር የጠፋው በቸልተኝነት ነው። የተኩምሴ መቃብር የተሰወረው እንዳይገኝ ነው። በ1990 የወጣው ፌዴራል ሕግ የነባር ሕዝቦችን አጽም ከሙዚየም ወደ ወገኖቹ እንዲመለስ እስኪያስገድድ ድረስ፣ የእነሱን መቃብር መቆፈር ጥናት ይባል ነበር። የጄኔራልን መቃብር መቆፈር ግን ምንጊዜም ፈቃድና ሥነ ሥርዓት ይፈልግ ነበር።

ዛሬ አንድ ሰው ይህን ፍለጋ ሲጀምር የሚይዘው የምሽጎቹን ወርሃዊ ሪፖርት ነው። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ከ1800 ጀምሮ ያሉትን ይዟል። ማን በቦታው እንደነበረ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ ያሳያሉ። ቀጥሎ የሚስቲቱ የጡረታ ማመልከቻ ይመጣል፤ ባል መሞቱን ለማስረዳት ምስክር ስለሚጠራ አንዳንዴ የቀብሩ ታሪክ ከዚያ ይገኛል። የውርስ ፋይልም አይናቅም። ለሣጥን አናጢው የተከፈለው ሒሳብ በየትኛው ከተማ እንደተከፈለ ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ችግሩ የሚጀምረው ድንጋይ ሲገኝ ነው። ድንጋይ አለ ማለት ከሥሩ ሰው አለ ማለት አይደለም። አስከሬኑ ላልተገኘ ወታደር «ለመታሰቢያ» ተብሎ የሚቆም ድንጋይ ሕጋዊ ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ ፎቶ ያነሣውና በኢንተርኔት መቃብር ብሎ ይጭነዋል። ሌላው ይገለብጠዋል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሟቹ ሦስት መቃብር ይኖረዋል። የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ምልክት ለሌለው መቃብር ድንጋይ በነጻ ይሰጣል፤ ከኤፕሪል 6 ቀን 1917 በፊት አገልግሎቱን ላበቃ ወታደር ደግሞ ዘመድ ያልሆነ ሰውም ማመልከት ይችላል። ደግ ሕግ ነው። ግን «ምናልባት እዚህ ነው» የሚል ድንጋይ የለም። ምናልባቱ ቅጹ ላይ ሲሞላ እርግጠኛ ይሆናል፣ እብነ በረድ ላይ ሲቀረጽ ደግሞ ታሪክ ይሆናል። የመሬት ውስጥ ራዳሩም ቢሆን አፈሩ መቆፈሩን እንጂ የተቀበረውን ሰው ስም አይናገርም። ዲኤንኤ ለመመርመር መቃብሩ መከፈት አለበት።

መክፈት ደግሞ በዘመድ ፍላጎት ብቻ አይሆንም። ካፒቴን ሜሪዌዘር ሉዊስ ከዊልያም ክላርክ (ከጆርጅ ሮጀርስ ታናሽ ወንድም) ጋር ወደ ፓስፊክ የተጓዘው ነው። በኦክቶበር 1809 ቴነሲ ውስጥ ናቼዝ ትሬስ በሚባለው መንገድ ዳር፣ በአንድ ማደሪያ ቤት በጥይት ቆስሎ ሞተና እዚያው ተቀበረ። ራሱን ገደለ ወይስ ተገደለ የሚለው ክርክር እስካሁን አልበረደም። በ1848 የቴነሲ ግዛት የተሰበረ ዓምድ የመሰለ ሐውልት ሲያቆምለት አጽሙን ያየው ኮሚቴ ሰውየው በነፍሰ ገዳይ እጅ ሳይሞት አይቀርም ብሎ ጻፈ። በ1996 የአካባቢው የአስከሬን መርማሪ ሸንጎ ይቆፈር አለ፤ ብዙ ተወላጆቹም ጠየቁ። መሬቱ ግን የፌዴራል መናፈሻ ነው፣ በዙሪያውም ሌሎች የጥንት ሰፋሪዎች ተቀብረዋል። መንግሥት በ2008 የሚፈቅድ መስሎ ነበር፤ በ2010 አይሆንም አለ። ተወላጆቹን ብሆን እበሳጭ ነበር። የመናፈሻውን አስተዳደር ብሆን ግን እኔም አልፈቅድም። ከ200 ዓመት በላይ የቆየ አጥንት ጥይቱ በየት እንደገባ ቢያሳይ እንኳ ቃታውን ማን እንደሳበው ይናገራል ብዬ አላምንም።

የመጨረሻው ሰው ከቀደምቶቹ ትውልድ ዘግየት ያለ ነው፤ ለእኛ ግን ቅርብ ነው። ዊልያም ሎሪንግ በልጅነቱ ፍሎሪዳ ውስጥ ከሴሚኖሎች ጋር ተዋጋ። በ1847 በሜክሲኮ ጦርነት አንድ ክንዱን አጣ። በ1849 ፈረሰኛ ሬጅመንት እየመራ እስከ ኦሪገን ተጓዘ። በእርስ በርስ ጦርነቱ ለደቡቡ ወገን ጄኔራል ሆነና ተሸነፈ። በ1869 ወደ ግብፅ ሄዶ የአገሩ ገዢ የኬዲቭ ኢስማኤል ጦር ውስጥ ገባ። በማርች 1876 ጉራዕ ላይ የግብፅ ጦር በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊት ድል ሲመታ የጦሩ አዛዥ የራቲብ ፓሻ ኤታማዦር ሹም ይህ ሰው ነበር። በ1886 ኒውዮርክ ላይ ሞተና ቅሪቱ ወዳደገበት ወደ ሴንት ኦገስቲን ተወሰደ። በ1920 በከተማዋ መሀል ሐውልት ቆመለት።

በ2020 የደቡብ ጦር ሐውልቶች በየቦታው ሲወርዱ የሎሪንግም ተራ ደረሰ። ቦታውን የሚያስተዳድረው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ በኦገስት አንሥቶ ከከተማው ውጪ ወዳለ የግል መሬት አዛወረው። ደጋፊዎቹ ቅሪቱ ከሥሩ ስላለ ይህ ሐውልት ሳይሆን የመቃብር ምልክት ነው፣ አይነካም ብለው ተከራክረው ነበር። ዩኒቨርሲቲው አልሰማቸውም። ስለዚህ ጉራዕ ላይ የተሸነፈውን ጄኔራል መቃብር ለማየት ሴንት ኦገስቲን የሚሄድ ሰው ድንጋዩን ፈልጎ ከመድከሙ በፊት የመረጃውን ዓመት ይመልከት። ከ2020 በፊት የተጻፈ ከሆነ አደባባዩን እንጂ ሐውልቱን አያገኝም።